150 ግራሙ የት ገባ? ለ«በርገር ቤቱን ተዉት» የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ልጅ «በርገር ቤቱን ተዉት» የሚል ጽሑፍ ጻፈ። ሰውም ተቀባበለው። እኔ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነበው ካልኩሌተር አወጣሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ጅማ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ በርገር ቤት አለ። ጸሐፊው ስሙን አልጠራም፤ እኔም አልጠራም። የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፤ ሌላው ባያውቀው የሚቀርበት ነገር የለም። ሲከፈት በጣም አሪፍ ቤት ነበር። በርገሩን ለማንሳት ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበር። ችፕሱ ትኩስ ነው። ገና ወንበር ስትስብ «አካም» የሚልህ ሰው አለ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ዋጋው ወጣ፣ በርገሩ ሟሸሸ፣ መስተንግዶው ደግሞ የት እንደገባ እንጃ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ጽሑፉ ለዚህ ማጉረምረም የተሰጠ መልስ ነው።

የሚለውም ይህን ነው። ብር ወድቋል። ዘይት ተወድዷል። ቫት አለ። ጾም ገበያ ይገድላል። መብራት ይጠፋል። አስተናጋጆቹ ደሞዛቸው ትንሽ ስለሆነ ፈገግታ አትጠብቁ። የጅማ ሰው ደግሞ በርገር መብላት አያውቅም። ስለዚህ የአገራችንን ልጅ ስም አታጥፉ፣ ተዉት።

ወንድሜ፣ ነጥብ በነጥብ እመልስልሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላሳውቅህ። እናቴ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ፣ ሻይ ቤት አላት። ፉል፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሻይ ትሸጣለች። ያደግሁት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። የዘይት ጀሪካን ሲያልቅ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ስለዚህ ወጪ አያውቁም ካልካቸው ሰዎች ውስጥ እኔን ቀንሰኝ።

ከብሩ ልጀምር፣ አንተም የጀመርከው ከዚያ ነውና። ዶላር በእጥፍ ሲጨምር በርገሩ ግን 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የጨመረው፣ ማመስገን ነበረብን ትላለህ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ይህን የሚክድ የለም።

ግን እስቲ በርገሩን ክፈተውና እየው። ዶላር የሚበላው የቱ ነው? ዘይቱ፣ አዎ፤ የምግብ ዘይታችን አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ካቻፑ፣ ማዮኔዙ፣ በላስቲክ የታሸገው ቺዝ፣ እሺ። የሚጠብሱበት ጋዝም ይቆጠር። ሥጋው ግን ከዚሁ ከዙሪያችን የመጣ በሬ ነው። ድንቹ፣ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ሰላጣው፣ እንቁላሉ የአገር ነው። እነሱም ጨምረዋል፤ ነዳጅ ሲጨምር የጭነት መኪናው ይጨምራል፣ ገበሬውም ልብስና ማዳበሪያ ይገዛል። አልከራከርህም። ዋጋ መጨመር ነበረበት። እኔም ሲጨምር አልጮህኩም። እናቴ እራሷ ጨምራለች።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። 70 በመቶ ያልከው ከየት መጣ?

አንተ የወሰድከው ሜኑው ላይ ያለውን ነው። ስፔሻል በርገር ድሮ 220፣ ዛሬ 380። ልክ ነህ፣ እሱ 73 በመቶ ገደማ ነው። አሁን ደግሞ የሜኑውን ግርጌ አንብበው። መነጽር ካለህ አድርገው፣ ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህል ነው። «ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም» ይላል። ድሮ 220 ስንከፍል 220 ነበር፣ አለቀ። ዛሬ 380 ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ይገባል፣ 418 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ይገባል፣ 480 ብር ከ70 ሳንቲም ይሆናል። ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከፈለግህ መጥቼ አሳይሃለሁ።

ይሄ ገና ዋጋው ነው። መጠኑ ጋ አልደረስንም።

ቤቱ ሲከፈት ግድግዳው ላይ በትልቁ በቀይ ቀለም «150 ግራም ንጹሕ የበሬ ሥጋ» የሚል ተጽፎ ነበር። ታስታውሳለህ? ከሥሩ ቆመን ፎቶ ስንነሳ ነበር። አምና ግድግዳው ቢጫ ተቀባ። ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ተመልሶ ተጻፈ። የቤቱ ስም ተጻፈ፣ ስልኩ ተጻፈ፣ የቴሌብር ቁጥሩ ሳይቀር ተጻፈ። 150 ግራሙ ብቻ አልተመለሰም።

እኔ ደግሞ ነገር ሲገባኝ አልተኛም። ሁለት በርገር አስጠቅልዬ ወጣሁና ቀጥታ ጎረቤታችን ያለው ልኳንዳ ገባሁ። ባለልኳንዳው ምን ሊያደርግ ነው ብሎ አፈጠጠብኝ። ሥጋውን ከዳቦው አወጣሁና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። አንዱ 74 ግራም፣ አንዱ 76። የተፈጨ ሥጋ ሲጠበስ ውሃና ስብ ያጣል፣ ሩብ ያህሉ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሬው 100 ግራም ነበር ማለት ነው። ባለልኳንዳው «ድሮም ነግሬህ ነበር፣ ከእኔ ገዝተህ ቤትህ ጥበስ» አለኝ። የራሱን ገበያ እየሠራ ነው፣ ምን ይደረግ።

እንግዲህ አብረን እንቁጠር። ድሮ 150 ግራም በ220 ብር። ዛሬ 100 ግራም በ480 ብር ከ70። የድሮውን በርገር፣ ያንን ሁለት እጅ የሚፈልገውን፣ በዛሬው ሒሳብ ልብላ ብል 721 ብር ያስወጣኛል። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አውቃለሁ፣ በርገር ሥጋ ብቻ አይደለም። ዳቦው አለ፣ ችፕሱ አለ፣ ኪራዩ አለ፣ ሒሳቡን በግራም ብቻ መቁጠር ትንሽ ያዳላል። አንድ መቶ ብር ቀንስልኝ። ሁለት መቶ ቀንስ። አሁንም 70 በመቶ አይሆንም።

ዋጋ ጨምረው መጠኑን ቢተዉት ይገባኛል። መጠኑን ቀንሰው ዋጋውን ቢተዉት፣ እሺ፣ ይሁን። ሁለቱንም አድርገው አንዱን በቢጫ ቀለም ሲሸፍኑት ነው ያናደደኝ። ሸወዱኝ።

የመንገዳችን ጥግ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላውን ሴት ታውቃታለህ። በ2017 የዓለም የቡና ዋጋ ጣሪያ ነካ፤ የካቲት ላይ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። እኛ ጅማ የቡና አገር ነን ብለን አልዳንም፤ እንዲያውም ቡናው ወደ ውጭ ሲሮጥ መጀመሪያ የሚወደደው እኛው ጋ ነው። እሷ ምን አደረገች? አንድ ሐሙስ ጠዋት ሁላችንም ከበን በተቀመጥንበት «ከሰኞ ጀምሮ ጨምሬያለሁ፣ ቡናውን ከማቅጠን ብዬ ነው» አለች። አንድ ሰው አጉረመረመ። ሰኞ ግን እሱም መጣ። ሲኒው ያው ነው፣ ቡናው ያው ነው፣ ጤና አዳሙም አልቀረ። ንግድ ፈቃድ፣ ሜኑ፣ ግድግዳ የላትም። አፍ አላት።

ቫትን እንደ ሰበብ ማንሳትህ ደግሞ ገረመኝ። ቫት በዚህ አገር ከ1995 ጀምሮ 15 በመቶ ነው። ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። ደግሞም የሚከፍለው በላተኛው ነው፤ ባለቤቱ ሰብስቦ ያስገባል እንጂ ከኪሱ አይሰጥም። ድሮ ዋጋው ውስጥ ነበር፣ አሁን ከሥር ወጣ። ይሄ የዋጋ ጭማሪ ነው፣ ስሙ ተቀየረ እንጂ።

ጾሙን በተመለከተ ግማሽ ነጥብ እሰጥሃለሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረመዳን አንድ ወር ነው፣ በ2017 ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ልዩነት ገቡ። የካቲትና መጋቢት ላይ ቀን ቀን የከተማው ሥጋ ቤቶች ሁሉ ጭር ብለው ነበር። ግን እዚህ ቤት በር ላይ ምን ይላል? «ሙስሊም» ይላል። የክርስቲያኑ ጓደኞቻችን ድሮም እዚያ ሲመጡ ችፕስና አቮካዶ ጁስ ነው የሚያዙት። ችፕስና ጁስ ደግሞ የሁዳዴ ምግብ ናቸው፤ ታዲያ ሁዳዴ ምኑን ነጠቀው? ረመዳን ላይማ ጭራሽ ሌላ ነው። ከመግሪብ በኋላ ወንበር አይገኝም። አንተ እራስህ አምና ሳምቡሳህን በወረቀት ይዘህ ግድግዳ ተደግፈህ ስትበላ አይቼሃለሁ።

መብራት ይጠፋል፣ እውነት። ቤቱ የሚጠብሰው በጋዝ ነው፣ ይሄም እውነት። ማቀዝቀዣውም ካልተከፋፈተ አራት ሰዓት ያህል ይይዛል። ይለፈን።

አሁን ወደ አስተናጋጆቹ እንሂድ። ከጽሑፍህ በጣም ያስቆጣኝ እዚህ ጋ ያለው ነው፤ ግን አንተ እንደጠበቅኸው አይደለም። ደሞዛቸው ትንሽ ስለሆነ ፈገግታ አትጠብቁባቸው ትላለህ። የመጀመሪያውን ግማሽ እኔም እፈርማለሁ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደሞዝ ወለል አልቆረጠም፤ ቦርድ ይወስነዋል ብሎ ለሌላ ቀን አሳደረው። ያው አዋጅ የሥራ ሰዓት ግን ቆርጧል፤ በቀን 8፣ በሳምንት 48። እዚህ ቤት ያለችው አስተናጋጅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገብታ ማታ 4 ሰዓት ነው የምትወጣው። ቁጠረው።

ድሮ ስምንት ጠረጴዛ ነበር፣ አራት አስተናጋጅ። ዛሬ በረንዳው ተጨምሮ ጠረጴዛው አሥራ አራት ሆኗል፣ አስተናጋጁ ሁለት። ታዲያ ልጅቷ ፊቷ ቢጠቁር ምን ይገርማል? ፈገግታ ማን ጠየቀ? እኔ ጥርስ ልቆጥር አልሄድም።

ያየሁትን ልንገርህ። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ማታ፣ 1 ሰዓት ላይ፣ ከእህቴና ከሁለት ልጆቿ ጋር ገባን። ሁለት ስፔሻል፣ አንድ ቺዝ በርገር፣ ለትንሿ ችፕስ አዘዝን። 1 ሰዓት ተኩል ሆነ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ አሥር ሲቀረው ልጅቷ መጣችና «ቺዝ የለም» አለች። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ቺዝ አልነበረም። ስናዝም አልነበረም። ከሰዓት ጀምሮ አልነበረም፣ በኋላ ነገረችኝ። ወጥ ቤት ያሉት ያውቃሉ። ለእሷ የነገራት የለም፣ ለእኛ የነገረን የለም። ትንሿ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ጠረጴዛው ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ካቻፕ እንዳለበት ነው፣ ግንባሯ ላይ ተጣበቀ።

ይሄን ከብር መውደቅ ጋር አገናኝልኝ እስቲ። ጠረጴዛ መጥረግ ስንት ዶላር ነው? «ቺዝ የለም፣ ሌላ ምን ላምጣ» ማለት በባንክ ምንዛሪ ይከፈላል?

ስንወጣ ልጅቷን ጠየቅኋት፤ ይሄ ደረሰኝ ላይ ያለው 10 በመቶ ሰርቪስ ይደርሳችኋል ወይ? ዞር ብላ ወደ ሒሳብ ያዡ አየች። «ለእኛ ጉርሻ ነው የሚደርሰን፣ እሱም ሰው በእጁ ከሰጠን» አለች። በእጇ ሰጠኋት። «ገለቶማ» ብላ ወዲያው ወደ በረንዳው ሮጠች፣ ሌላ ሰው እየተጣራ ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አንተ የእሷን ድህነት ለባለቤቱ ጋሻ አድርገህ አቀረብከው። ደሞዟ ትንሽ የሆነው በእኛ ነው ወይ? በስሟ ከእኔ 38 ብር የተቆረጠው የት ገባ? ስለ አስተናጋጆቹ ካዘንክ፣ የሚቀጥለውን ጽሑፍህን «አስተናጋጅ ጨምሩ» ብለህ ጻፈው፤ እኔም እቀባበለዋለሁ።

እናቴ ሻይ ቤት አንዲት ልጅ ብቻ ናት የምታግዛት። ጠዋት ጠዋት ፉሉ ሳይደርስ ሰው ይሞላል። እናቴ ከምድጃው ሳትነሳ «ፉል አሥር ደቂቃ አለው፣ የቸኮለ እንቁላል ይዘዝ» ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው መስተንግዶዋ። እንቁላል የተወደደ ጊዜም እንዲሁ፤ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ብላ በሁለት ዋጋ ከፈለችው። ማንም ሸወደችን አላላት። አንዳንዱ ባለ ሁለት ይበላል፣ ደሞዝ ሲወጣ ባለ ሦስት ይበላል።

አሁን ወደ አስቂኙ ነጥብህ። በርገሩ የሚደርቀው የጅማ ሰው «በደንብ ይብሰል» ስለሚል ነው፣ ፈረንጅ ውስጡን ቀይ እንደሆነ ነው የሚበላው፣ እኛ በርገር አናውቅም ትላለህ። ስሙ ከጀርመን ከተማ ከሃምቡርግ ቢመጣም በርገርን በርገር ያደረጉት አሜሪካኖች ናቸው፣ እሺ። የእነሱ የግብርና መሥሪያ ቤት ግን የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል ነው የሚለው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሙ ያለው በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው። ሲፈጭ ግን ላዩና ውስጡ ይደባለቃል። ቁርጥ የሚበላ ሰው እንኳ ከማን ሥጋ ቤት፣ ዛሬ የታረደ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጠዋት ተፈጭቶ ማታ የሚጠበስ ሥጋ «በደንብ ይብሰል» ያለ የጅማ ሰው ሞኝ አይደለም።

ደግሞ በደንብ የበሰለ ሁሉ ደረቅ አይደለም። ድሮ እዚሁ ቤት በደንብ በስሎ፣ ስትነክሰው አገጭህ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የተቀየረው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ጮማው። ጥሩ የበርገር ሥጋ ከአምስት እጅ አንዱ ስብ መሆን አለበት ይባላል፤ ያ ነው የሚያረጥበው። ሁለተኛ፣ መሐሉ ምን እንደገባ። ሚዛን ላይ ያስቀመጥኩትን ሥጋ በጣቴ ፈረፈርኩት። የዳቦ ፍርፋሪ አለው። ትንሽ ፍርፋሪ ኃጢአት አይደለም፣ እናቶቻችንም ኮቴሌት ላይ ይጨምራሉ። «ንጹሕ የበሬ ሥጋ» ካልክ በኋላ ግን ነውር ነው። ሦስተኛ፣ እስቲ መስኮቱ ጋ ቆመህ ጠባሹን እየው። መገልበጫውን ይዞ ሥጋውን ብረቱ ላይ ይጨፈልቀዋል። ጭስ ይወጣል፣ ጭውውው ይላል፣ ደስ ይላል። ያ የሚጮኸው ድምፅ የበርገሩ ጭማቂ ነው። አንተ ልትበላው የሚገባውን ብረቱ እየበላልህ ነው። ለምን ይጨፈልቀዋል? ቶሎ እንዲደርስለት ነዋ። ለአሥራ አራት ጠረጴዛ ብቻውን ነው የሚጠብሰው። ዞረን ዞረን አሁንም ባለቤቱ ጋ ደረስን።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ችፕሱንም ልጨምር። ድንች ሁለቴ ነው የሚጠበሰው። መጀመሪያ ለዘብ ባለ ሙቀት ውስጡ ይበስላል፣ ይወጣል፣ ያርፋል፤ ኋላ በጋለ ዘይት ላዩ ኩርሽም ይላል። እነሱ አንዴ ያበስሉና ለሁለተኛው ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ልፍስፍስ ብሎ ይመጣል። ዘይቱም ጠቁሯል። ዘይት ደጋግመህ ስታግለው ቶሎ መጨስ ይጀምራል፣ ሽታውም ይቀየራል። ዘይት ተወድዷል ባልክበት ጽሑፍ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነበር፤ ዋጋው ሳይሆን ዕድሜው።

ካልቻልክ ሽሮ ብላ የሚል አንድ መስመርም አለህ። እሱን እንዳላየሁ አልፈዋለሁ፤ ባለባጃጁ፣ ግማሽ ግማሽ የሚካፈሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ደሞዝ ቀን ልጆቿን ይዛ የምትመጣው መምህርት ግን አንብበውታል። እነሱ ናቸው ቤቱን ቤት ያደረጉት።

የመጨረሻው ነጥብህ የአገር ልጅ ነው፣ ስሙን አታጥፉ የሚለው ነው። ስሙን የጠራ የለም አልኩህ። የአገር ልጅነቱን ግን እኛም አልረሳንም። በ2012 ኮሮና መጥቶ ወንበር ሁሉ የተገለበጠ ጊዜ እያስጠቀለልን ቤታችን ወስደን የበላነው ለምን ይመስልሃል? ርቦን ነው? ቤቱ እንዳይዘጋ ብለን ነው። ያኔ ባለቤቱ እራሱ በር ላይ ቆሞ በስማችን እየጠራ ያቀብለን ነበር። ዛሬ ከሒሳብ መያዣው ጀርባ ተቀምጦ ስልኩን ነው የሚያየው። ቀና ቢል እኮ ያውቀናል።

እና ደግሞ የሚያጉረመርመውን ሰው አትፍራ። ከእኛ ጋር ሁልጊዜ ሐሙስ ማታ የሚመጡ ሦስት ጓደኞች ነበሩን። አንድ ቀን ሥጋው ቀዝቃዛ መጣላቸው። አልተናገሩም። ከፈሉ፣ ጉርሻ ሰጡ፣ «ቸር እደሩ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሌላ ቤት ነው የሚያመሹት። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ለምን እንደጠፉ አያውቅም፤ ምናልባት ሁዳዴ ነው ብሎ ይሆናል።

እኔ ግን አልጠፋሁም። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ባለፈው እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። ያቺው ልጅ ነበረች። «ስፔሻሉ ስንት ግራም ነው?» አልኳት። ሳቀች። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ብላ ወጥ ቤት ገባች። ቆየት ብላ ወጣች። «መቶ ነው ብለዋል» አለችኝ። ሚዛኑ አልዋሸም፣ ጠባሹም አልዋሸም። ታዲያ ግድግዳው ላይ ለምን አይጻፍም አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀችና ባለቤቱን በዓይኗ አሳየችኝ።

ሄድኩና ለእሱም ነገርኩት። 100 ግራም ብለህ ጻፈው፣ 480 ብር ከ70 ብለህ በትልቁ ጻፈው፣ ያን ጊዜ ልብላ አልብላ እኔ እወስናለሁ አልኩት። ስልኩን አስቀመጠ። «የቀለም ዋጋ ታውቃለህ?» አለኝ።

ለዚህ ነው ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ጠመኔ ያለው። እናቴ ሻይ ቤት የዕለቱን ምግብ የምንጽፍበት ነው፣ ነጭ፣ ሙሉ ፓኮ። ሐሙስ ማታ ይዤው እሄዳለሁ። ከፈለግህ አንተም ና፣ ጽሑፉ ላይ ጎበዝ ነህ፤ እኔ ወንበሩን እይዝልሃለሁ።